የሦስት ዓመት ውል



ያለ ሥራ እምነት የሞተ መሆኑን ከያዕቆብ ተምረናል። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲመጡ ውላቸው የሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ነገር ግን በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ ይዟቸው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ባል የተዋቸውንና ከሰው መካከል መቀመጥ ያፈሩትን ሴቶች አይተው ቀሩ። በ1974 ለእነዚሁ እኅቶች ሆስፒታል ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ ዐረፉ።

የዳነችው ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች። ቀሚስ መድኃኒት አይደለም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ሕክምናው ጎደሎ በሆነ ነበር። በታካሚነት የገቡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ፊደል ሳይቆጥሩ ቀዶ ጥገናውን ተምረው ሌሎችን አዳኑ።

እኛም በየፕሮጀክታችን እህል ስናድል፣ ተቀባይዋ ነገ ከእኛ ጋር የምትሠራበትን መንገድ እንፈልግ። በመጪው እደላ ስሟንና ሙያዋን ከመጠየቅ እንጀምር።