በታደሰ የሲ.ኤን.ሲ. ፍሬዛ ላይ የስፒንድል ፍጥነትን ስለ መለካትና ማስተካከል



ንግግሬን በአንድ በደል ልጀምር፤ በዳዩ እኔ ነኝ። በእጅ ይሠራ የነበረ አሮጌ ፍሬዛ ወደ ሲ.ኤን.ሲ. በለወጥንበት ወቅት አንድ ተማሪ ኤም 10 የብሎን ጥርስ ሲያወጣ ታፑ በብረቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ፕሮግራሙን በቅጡ ሳላነብ «ስሌትህ ስሕተት ነው» አልሁት። ስሌቱ ግን ትክክል ነበር፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 300 ዙር፣ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት በደቂቃ 450 ሚሊሜትር። ስክሪኑም 300 ይል ነበር።

በማግስቱ በስፒንድሉ ላይ አንጸባራቂ ወረቀት ለጥፈን በታኮሜትር ስንለካው፣ ያለ ጭነት እንኳ 268 ዙር ሆኖ አገኘነው። 450 ለ268 ሲካፈል በአንድ ዙር 1.68 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ታፑ በየዙሩ ከሚገባው በላይ ይገፋ ነበር። ተማሪውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

32ቱ ዙር የት ገቡ? ማሽኑ ፍጥነት የሚያነብ አካል አልነበረውም፤ ስክሪኑ የሚያሳየው የራሳችንን ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙ ከ0 እስከ 10 ቮልት ሆኖ ወደ ኢንቨርተሩ ይሄዳል፤ ኢንቨርተሩም ከ0 እስከ 50 ኸርዝ ያደርገዋል። ባለ አራት ፖል ሞተር መግነጢሳዊ መስኩ በ50 ኸርዝ 1500 ዙር ይዞራል፤ ፑሊዎቹ እጥፍ ያደርጉታል። እኛም «10 ቮልት 3000 ዙር ነው» ብለን ጽፈን ተቀምጠናል። ለ300 ዙር መውጣት የነበረበት 1 ቮልት ነው፤ መልቲሜትሩ ግን 0.9 አነበበ። ይህች አንድ አሥረኛ ቮልት በ3000 ዙር ላይ መቶኛ እጅ ናት፤ በ300 ላይ ግን አሥረኛ እጅ ትሆናለች። ስለዚህ በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ ለክቶ ማባዣውን የሚያስተካክል ሰው ዋናውን ስሕተት እንዳለ ይተወዋል። ስፒንድሉ ጥቂት ዞሮ ከሞቀ በኋላ፣ መቁረጫው ወጥቶ፣ በተራራቁ ሁለት ፍጥነቶች ይለካ፤ መነሻውም ማባዣውም ይስተካከል፤ ከዚያ በመካከል ባሉት ፍጥነቶች ይረጋገጥ።

በነገራችን ላይ ታኮሜትር በሌለበት የቀድሞው ዓይነት ፍሎረሰንት መብራት ያገለግላል። በ50 ኸርዝ ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል፣ አራት ምልክት ያለበት ዲስክ በ1500 ዙር የቆመ ይመስላል። መስሎ እንጂ አልቆመምና እጃችሁን ሰብስቡ!

ጭነት ሲመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ይነሳል። የሞተራችን ሰሌዳ 1420 ይላል፤ በሙሉ ጭነት ከመስኩ በ80 ዙር ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ይህ መጠን በአመዛኙ የሚወሰነው በጭነቱ እንጂ በፍሪኩዌንሲው አይደለም። 80 ከ1500 ላይ ጥቂት ነው፤ በ5 ኸርዝ ግን መስኩ ራሱ 150 ብቻ ነው የሚዞረው። ይህን የትኛውም ሠንጠረዥ አያርመውም። ስለዚህ በስፒንድሉ ላይ ኢንኮደር አሰርን። አሁን በሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ. ጂ 33.1 ስንጠቀም ቁልቁል የሚሄደው ዘንግ የስፒንድሉን እውነተኛ ዙር ይከተላል፤ ስፒንድሉ ቢዘገይ እርሱም ይዘገያል።

ኢንኮደር ቢኖርም ከ15 ኸርዝ በታች ለረጅም ጊዜ እንዳይሠራ ከልክያለሁ፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን በራሱ ዘንግ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ሲያዘግም ፋኑም ይደክማል። ዝቅተኛ ፍጥነት ስትፈልጉ ቺንጋውን ወደ ሌላው ፑሊ አዛውሩ፤ ያን ጊዜ ግን የዛሬው ሠንጠረዥ አይሠራምና ልኬቱን እንደገና ጀምሩ። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።