ትምህርት ቤት ሳይገቡ በቤት ስለሚቀመጡ ሕፃናት ሥራና ጨዋታ

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ)



በዚህ በደስታ ቀን ስለ ትንንሾቹ ልጆች እንድናገር ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ትንንሾች የምላቸውም ከአራት ዓመት ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ያሉት፣ ገና አንደኛ ክፍል ያልገቡት ናቸው።

ይህን ነገር ለመናገር ያስገደደን ዘመኑ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። እርሱ አለፈ ስንል በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎን አመሰው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከደብተራቸው ተለዩ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለስምንተኛና ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ፈተናው ያልፈዋልና። ለአምስት ዓመቱ ልጅ ግን የሚያለቅስለት የለም፤ የሚያልፈው ፈተና የለውምና። ነገር ግን ታላቁ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ቢቋረጥበት የያዘው ነገር አለ፤ ታናሹ ምንም ሳይይዝ ዓመቱ ይሄድበታል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ኦ ክፍል የሚባለውን የአንድ ዓመት መሰናዶና ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን እያጫወቱ የሚያስተምሩበትን «ልጅ ለልጅ» የተባለውን መንገድ ያቀደው ስለዚህ ነበር። በሩ በተዘጋ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ወደ እናትና ወደ አባት ይመለሳል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ብዙዎች «እኔ አልተማርሁ፤ ምን አስተምረዋለሁ?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁን በማለዳ ግድግዳ ሥር አስቀምጠው በአለንጋ ፊደል ያስጮኹታል። የፊተኞቹ ያላቸውን ዕውቀት አያውቁም፤ የኋለኞቹ ልጁ መጽሐፍን ሳያይ መጽሐፍን እንዲጠላ ያደርጋሉ።

የውጭውን አገር ታሪክ ብናይ ነገሩ ይገለጥልናል። ፍሪድሪሕ ፍሬበል የተባለው ጀርመናዊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት ቤት በከፈተ ጊዜ የሰጣቸው ኳስና የተጠረበ እንጨት እንጂ መጽሐፍ አልነበረም፤ ስሙንም በኋላ «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» ብሎ አወጣው። በ1907 ደግሞ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለች ሴት ሐኪም በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር የሕፃናት ቤት አቆመች። በዚያም ልጆቹን እጅ መታጠብን፣ ቤት መጥረግን፣ ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሳያፈሱ መገልበጥን፣ የልብስ ቍልፍ መቈለፍን አስተማረቻቸው። እጃቸው ሥራ በለመደ ጊዜ ፊደሉ ተከተለ። ዓለም ሁሉ ይህን አድንቆ ተቀበለው። የቦረና እናት ግን ይህን ሁሉ በየቀኑ በቤቷ ታደርገዋለች፤ የጐደላት ልጁን ከሥራው አጠገብ ማስቀመጥና መታገሥ ብቻ ነው። ትዕግሥቱ ቀላል ነገር ነው አልልም። የአምስት ዓመት ልጅ ምስር ሲለቅም የሚያባክነው ጊዜ እናቱ ብቻዋን ከምትለቅምበት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ስለ ምስሩ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጠጠሩን ከምስር የሚለይ ዓይን ነገ «ሰ»ን ከ«ሸ» ይለያል፤ በሁለት ጣት ጠጠር የሚያነሣ እጅ እርሳስ ለመያዝ ይበረታል። ገብስን፣ ስንዴን፣ ባቄላንና አተርን ቀላቅሎ «ለይልኝ» ማለት ገንዘብ የማያስወጣ ትምህርት ነው። በጉ በተሸለተ ጊዜም ከጠጕሩ ውስጥ እንጨቱንና ጭቃውን ይልቀም፤ እንዝርቱ ሲሾር ይመልከት፤ የሚለብሰው ባና ከየት እንደ መጣ ይወቅ። ጭቃም ይስጡት። በሬ፣ በግ፣ ምጣድ፣ ጀበና ይሥራ፤ ደንቆሮ ጫካን ያየ ዘመድ ካለውም ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ጠይቆ ይሥራ። (ስሙ ነው እንጂ ጫካውስ ደንቆሮ አይደለም፤ ከብዙዎቻችን ይልቅ የደጋውን አራዊት ጠብቆ ኖሯል።)

ቍጥርን ስለ ማስተማር ከገበጣ የሚበልጥ መምህር አላየሁም። ጉድጓዱና አጨዋወቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ ይሁን እንጂ በየትኛውም ልጁ ፍሬውን ከአንድ ጉድጓድ አንሥቶ አንድ አንድ እያለ በተከታዮቹ ይዘራል። እጁ ሲዘራ አፉ ይቈጥራል፤ የመጨረሻው ፍሬ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማሰብ ሲጀምር ደግሞ መደመርን ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል። ቅልሞሽም እንዲሁ ነው። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያም ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱን ባንድ ጊዜ ሲያነሣ አራት ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚከፈል በእጁ ያውቀዋል። ሰኞ ማክሰኞም በአንድ እግር መቆምን ያስተምራል፤ የሳምንቱንም ቀኖች ስም ከነተራቸው ያስይዛል።

ማታ በእሳት ዳር እንቆቅልሽ አይቅር። መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል፤ ይህን ሥርዐት ያወጣ ሰው ታላቅ የጂኦግራፊ መምህር ነበር እላለሁ። ልጁ ዘወትር ደሴን ብቻ እየሰጠ እንዳያመልጥ ዛሬ ወግዲን፣ ነገ ከላላን፣ ከነገ ወዲያ ሳይንትን ይስጥ፤ ስለ ሰጠውም አገር አንድ ነገር ይጠየቅ። ሳይንት ካለ ተድባበ ማርያም በዚያ እንዳለች ይነገረው። ዐባይ ካለ ወደየት እንደሚወርድ ይጠየቅ። ተረቱንም እናትና አባት ይንገሩ። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ብዙ ዘመን በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ልጆችን በአክብሮት ያናግሩ ነበር እንጂ አይጮኹባቸውም ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የተነሣችውም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ቀጭኔ መጀመሪያ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። የተቀደደ ካልሲ በማን ቤት ይጠፋል? ሁለት ቍልፍ ሰፍቶ ዓይን ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ፊደል ልመለስ፤ አባቶቼ ካህናት ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና በአጭሩ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጅ ዜማውን ይዞ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይወርዳል፤ መካከሉን ነጥላችሁ ብትጠይቁት ግን ያጣዋል፤ ተራውን እንጂ መልኩን አላወቀምና። የጥንት አባቶች ይህን አስቀድመው ዐውቀው አቡጊዳን ሠሩ። አንደኛውን ከአ፣ ሁለተኛውን ከበ፣ ሦስተኛውን ከገ እየወሰደ የተለመደውን ተራ ያፈርሰዋልና፣ ልጁ በዜማ ሳይሆን በዓይኑ እንዲያነብ ያስገድደዋል። እናትም ይህንኑ ጥበብ በቤት ልታደርገው ትችላለች፤ በትኩስ ሳይሆን በበረደ ዐመድ ላይ በጣት ጽፋ «የስምህ መጀመሪያ የትኛው ነው?» ትበለው። ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ስም ይጻፍ። ለአንድ ቀንም ሦስት ፊደል ይበቃል።

እነሆም ከፊደል የሚቀድም፣ በእኛ ዘመን ቸል ሊባል የማይገባው ትምህርት አለ። ልጁ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የቀበሌውንና የደብሩን ስም አጥርቶ ይናገር። ሕዝብ በሚሸሽበት ቀን ከእናቱ የተለየ ልጅ «እማዬ» ከማለት በቀር የሚናገረው ከሌለው ወደማን ይመለሳል? ይህንም በማስፈራራት ሳይሆን እንደ ጨዋታ አድርጋችሁ፣ «እኔ መንገደኛ ነኝ፤ የማን ልጅ ነህ?» እያላችሁ አስተምሩት። ዳግመኛም በሜዳ የማያውቀውን ብረት ቢያገኝ እንዳይነካው፣ ድንጋይም እንዳይወረውርበት፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለታላቅ ሰው እንዲነግር ደጋግማችሁ ንገሩት። ጦርነት ካለፈ በኋላም የተጣለ ጥይትና ቦምብ ይቀራል፤ የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

ሌላም የምፈራው ነገር አለ፤ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ለልጆቹ ጕዳት ይሆናል። «ሥራ ያስተምራል» ብያለሁና፣ የስድስት ዓመቱን ልጅ ቀኑን ሙሉ ከብት ጠባቂ ማድረግ፣ የስድስት ዓመቷንም ሴት ልጅ ታናሽ ወንድሟን ከጧት እስከ ማታ ማሳዘል ትምህርት ነው የሚል ሰው እንዳይነሣ። እኔ የማውቀው መለያ ይህ ነው፦ ልጁ በደከመ ጊዜ ትቶ ሊሄድ የሚችለው ሥራ ትምህርቱ ነው፤ ትቶት ቢሄድ ቤቱ የሚጐዳበት ግን ሸክም ነው። ግማሽ ሰዓት ግልገል መጠበቅ፣ ዶሮ መመገብ፣ በትንሽ ቅል ውኃ ማምጣት ይበቃዋል። ወንዱም ቤት ይጥረግ፤ ሴቷም ገበጣ ትጫወት። በአንዳንድ ቤት ጨዋታው ለወንዱ፣ ሥራው ለሴቷ ተከፍሎ አይቻለሁና ነው።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፤ አንድ ልመና አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ ታላላቆቹ ሲነጋገሩ ትንንሾቹ በቅጽሩ ውስጥ ያለ ሥራ ይሯሯጣሉ። በየሰንበቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት እናት ከእነርሱ ጋር ይቀመጡ። ከትምህርት የተለዩት ከፍ ያሉት ልጆችም ይርዱ፤ ሲያስተምሩ የራሳቸው ትምህርት አይጠፋባቸውም። ገበጣው ከደጀ ሰላሙ በስተጀርባ ከዛፉ ጥላ ሥር ይቆፈር። ባቄላውን ቤቱ የፈቀደ ሁሉ በእፍኝ ያምጣ፤ ፊደል የተጻፈበት ገበታ ያለውም ያውሰን። ሰበካ ጉባኤው ቢፈቅድ በሚመጣው ሰንበት እንጀምራለን።