ዕቃው ሲቀመጥ ጥበቡ አይቅር



በቢቸናና በሞጣ አገር የሚበቅለው ጤፍ ከጎተራ የሚደርሰው በማረሻ ነው። ማረሻ ግን ብቻውን አያርስም፤ አጥብቆ የሚይዘው ወገል፣ አፈሩን ግራና ቀኝ የሚገፉት ድግሮች፣ ሞፈርና ቀንበርም ያስፈልጉታል። ብረቱን በወናፍ አግሎ የሚቀጠቅጠው ሰው ደግሞ የሁሉ መጀመሪያ ነው። እርሱን ግን ስንንቀው ኖርን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጁ ቀን አልቀረም። የተናቀ ሰው ዕውቀቱን ለማን ይነግራል? ልጁስ የአባቱን ሥራ ስለ ምን ይወርሳል?

የእንዲህ ያለው ሥራ መታሰቢያ እንዳይጠፋ፣ በአዲስ አበባ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የየአገሩ የእጅ ሥራ ተሰብስቧል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከግድግዳ የተሰቀለ ማረሻ፣ ብረቱ ምን ያህል ሲግል ለመዶሻ እንደሚበቃ አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የሠሪው ዓይንና እጅ ነው።

ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ሆይ፤ አሮጌ ዕቃ ለሙዚየም ከመስጠታችሁ አስቀድሞ ከሠሪው ደጅ ሂዱ፤ በአክብሮት ጠይቁት፤ ስሙንና አሠራሩን ጻፉ። ዕቃውን ዝገት ቢበላው ሌላ ይሠራል፤ ባለሙያው ሳይጠየቅ ቢሞት ግን ማን ይሠራዋል?