ስልክ ይመክራል፣ ሰው ይፈጽማል



በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ስልክ በደወልን ቁጥር በጥሪው ድምፅ ፈንታ እጃችንን እንድንታጠብ የሚመክር ቃል እንሰማ ነበር። በ8335 ነፃ መስመርም ሕዝቡ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርንና ምክሩን በቃላችን አጠናነው፤ በየደጃፉም ውሃና ሳሙና ተቀመጠ። ዳሩ ግን ምክሩ ከስልኩ ሲጠፋ ሳሙናውም ከደጃፉ ጠፋ። ታዲያ የታጠብነው ለፍርሃት ነውን ወይስ ለጤና?

በጣና ዳር ዛሬም ቢልሃርዝያ አለ። ከዓይነ ምድር ወደ ውሃው ወርዶ፣ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ በቆዳችን ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ የጤና ባለሙያውን ምክር በስልካችን ቀርፀን፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችን እናሰማ። አስቀድመን ግን እኛው በመጸዳጃ ቤት እንጠቀም፤ ስልክ ይመክራል እንጂ አይፈጽምልንምና።