«ውሃ ሰጥተው ሰደዱን» ለምትሉን ወላጆች

(በጤና ጣቢያችን ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ልጅ ተቅማጥ ይዞት ሲመጣ ብዙዎቻችሁ ግሉኮስ እንዲሰቀልለት ትጠይቃላችሁ። ሐኪሙ ግን ኦ አር ኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሰጥቶ ወደ ቤት ይመልሳችኋል። «ስደተኛ ስለሆንን ውሃ ሰጥተው ሰደዱን» የሚለው ቅሬታ ደርሶናል። ጥፋቱ የእኛም ነው። ሰልፉ ሲረዝም አበጣጠሱን ሳናሳይ ፓኬቱን ብቻ ያስያዝንበት ቀን አለ።

ይህ መድኃኒት የተፈተነው እንደኛው ባሉ ስደተኞች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡት ሰዎች ላይ ኮሌራ ተነሣ። ቦንጋኦን በተባለችው የድንበር ከተማ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ግሉኮስ፣ ጨውና ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው በበርሜል አስቀመጡ፤ እናትም እኅትም በኩባያ እየቀዳች በሽተኛዋን እንድታጠጣ አደረጉ። ከመቶ ሕሙማን እስከ 30 ይሞቱ የነበሩት ወደ 4 ገደማ ወረዱ። በዚህ መድኃኒት ላይ ብዙ የተመራመረውን የዳካ ማዕከል ኋላ ከመሩት አንዱም የእኛው አገር የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ናቸው።

የሕፃናት ሐኪም ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን የምታጠጣው እናት ናት። መድኃኒቱ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ የወጣውን ውሃና ጨው ይተካል እንጂ። «አልሠራም» ተብሎ የሚጣለው ይህ ስለማይታወቅ ነው።

አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ሁሉም የውሃ ላስቲክ አንድ ሊትር አይይዝምና ለክታችሁ ያዙ፤ ውሃው ካነሰ ልጁን ይጎዳል፣ ከበዛ አይጠቅምም። ስኳርም ወተትም አትጨምሩበት። ባስቀመጠው ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ፣ ከዚያ በላይ ላለው ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አታቋርጡ። የተረፈው በማግስቱ ይደፋ። የዚንክ ኪኒን ከታዘዘለትም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከተባለው ቀን ድረስ ይጨርስ።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ኑ። ግሉኮስ የሚያስፈልገው ያኔ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ተቅማጡ የጥርስ ነው ተብሎ ድዱ የተቆረጠ ልጅ ሲመጣ፣ ወላጅ ቁጣ ፈርቶ ይደብቀናል። ተቆጥተንም እናውቃለን። ሐኪሙ ግን ቁስሉን ካላወቀ ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ሊስተው ይችላል። ንገሩን፤ አንቆጣም።

ከእንግዲህ ፓኬት ስትቀበሉ፣ በፊታችሁ በጥብጠን ካላሳየናችሁ ከወንበሩ አትነሡ።