«መኪናው አልነሳ አለ»
ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሐሳብና ስለ ሕልም

(ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ሁላችንም አፋችን ውስጥ ይዘነው ስለምንዞረው ስለ ቋንቋ ነው። «ኑሮው እንዲህ ተወዶ ስለ ቋንቋ ይወራል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ቤታችን ድረስ ይመጣል።

እስቲ ከገዛ አማርኛችን እንነሳ። ጠዋት ቁልፍ አዙራችሁ ሞተሩ ዝም ሲል ምን ትላላችሁ? «አልነሳ አለኝ!» በሩም «አልከፈት አለ»፣ ደሞዙም «አልበረክት አለ»። ለመሆኑ «አልነሳ» ያለው ማነው? መኪናው ነዋ! በእኛ ቋንቋ ግዑዙ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ሰውማ ሐሳቡንም እንደ ንግግር ነው የሚያወራው፤ «ልሂድ ብዬ አሰብኩ» ይላል። ትንፍሽ ሳይል ያሰበውን እንኳ «ብዬ» ሳይል አያልፍም። «ነገር» የሚለውን ቃልም እዩት፤ ጉዳዩም ነገር ነው፣ ንግግሩም ነገር ነው፣ ጠቡም ነገር ነው። አማርኛ ማሰብንና መናገርን አንድ አድርጎ የቆጠራቸው ይመስላል። እውነት አንድ ናቸው? ቋንቋ የሌለው አያስብም?

በመጀመሪያ አጥንት እንጠይቅ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኟት «ሰላም» የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕጻን ናት፤ የድንቅነሽ ወገን። ከሌላው አካሏ ጋር እምብዛም የማይገኝ ነገር ተገኘ፤ ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት። ይህች አጥንት የምትመስለው የእኛን ሳይሆን የጎሪላንና የቺምፓንዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እስራኤል ውስጥ ከከባራ ዋሻ የተገኘችው የኒያንደርታል ሰው አጥንት ግን፣ ዕድሜዋ 60 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የእኛን ትመስላለች። አጥንት ብቻውን ማን ምን እንደተናገረ አይመሰክርም። ቢሆንም የሰላም ወገኖች እንደኛ ይናገሩ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም። ታዲያ በሁለት እግራቸው ሄደው፣ ምግብ ፈልገው፣ ከአውሬ ሸሽተው ልጅ ያሳድጉ ነበር። ይህ ሁሉ ያለ ሐሳብ ይሆናል?

ከሕያዋን ምስክር አምጣ ካላችሁኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮዝሜሪ ቫርሊና ባልደረቦቿ፣ በአንጎል ጉዳት ሰዋስው የጠፋባቸውን ሦስት ሰዎች መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ዓረፍተ ነገር ገዳዩ ማን፣ ሟቹ ማን እንደሆነ መለየት ይቸግራቸው ነበር። ቅንፍ ያለበት ሒሳብ ሲሰጣቸው ግን ይሠሩታል! ከብዙ ላይ ጥቂት መቀነስና ከጥቂት ላይ ብዙ መቀነስ አንድ እንዳልሆነም አልጠፋቸውም። ቋንቋው ሄዷል፤ ሐሳቡ ግን ቤቱ አለ።

ሕልምስ? አሜሪካዊው ዴቪድ ፎልክስ ሕጻናትን ቤተ ሙከራ ውስጥ እያስተኛ፣ ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ሰዓት እየቀሰቀሰ «ምን አየህ?» ይላቸው ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው «ምንም» ነው፤ ካዩም እንደ ፎቶግራፍ ቀጥ ብሎ የቆመ እንስሳ ነው። እንደ ተረት የሚሄድ ሕልም የመጣው 7 እና 8 ዓመት ገደማ ነው። አሁን ልብ በሉ፤ ሕልማቸውን አብልጠው የተናገሩት አፈ ጮሌዎቹ አልነበሩም፤ ቅርጽና ሥዕል አገጣጥመው ማየት የሚችሉት ነበሩ። እኛስ «ሕልም አየሁ» እንጂ «ሕልም ሰማሁ» እንላለን? ቋንቋ የሚገባበት ጠዋት ስንናገረው ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ!

እንግዲያው ቋንቋ ምን ጨመረልን? ወደ ኒካራጓ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በየቤታቸው ተለያይተው ያደጉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ማናጉዋ ላይ በትምህርት ቤት ተሰባሰቡ። መምህራኑ የስፓኝ ቋንቋን ከከንፈር እንዲያነቡ ሲታገሉ፣ ልጆቹ በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። ታናናሾቹ ተቀብለው አበለጸጉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አስገራሚ ነው። አንድ ልጅ አሻንጉሊቱን አስቀምጦ ይወጣል፤ ወንድሙ ቦታውን ይለውጥበታል። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልጋል? «ያስባል»፣ «ያውቃል» ለማለት እምብዛም ምልክት ያልነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች፣ አዋቂ ሆነውም ብዙዎቹ ሳቱት። ታናናሾቹ አወቁት። በኋላ ታላላቆቹ እነዚያን ምልክቶች ሲያገኙ እነሱም አወቁት!

የእኔ መደምደሚያ ይኸው ነው። ሰው ብቻውን ለማሰብና ለማለም ቋንቋን ላይጠብቅ ይችላል። የሌላውን ልብ ለማወቅና የራሱን ለማካፈል ግን ያለ ቋንቋ አይሆንለትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ፣ «እሱ አይገባውም» የሚባል መስማት የተሳነው ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይገባዋል እኮ! ያስባል፣ ያልማል፤ ያጣው ሕልሙን የሚነግርበትን ነው። የምልክት ቋንቋ ልጅ ያሰንፋል የምትሉ ኒካራጓን አስቡ። ለትምህርት እስኪደርስም አትጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ቋንቋ ከዘገየበት፣ በኋላ ቢማረውም ጎዶሎ ይሆንበታል። እናንተም አብራችሁት ተማሩ፤ ብቻውን ቢችለው ከማን ጋር ያወራል?

መንግሥት የሰው አፍ ሲዘጋ እንጮኻለን፤ ደግ እናደርጋለን። በገዛ ጓዳችን ለዘጋነውስ ማን ይጩኽለት?