ከሥር የሚሸከመው ድምፅ
(መሳለሚያ በተደረገ የሙዚቃ ማዳመጫ ምሽት ለተማሪዎችና ለመምህራን የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህች ጠባብ ቤት ተጨናንቃችሁ ለመቀመጥ ስለ ፈቀዳችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከግቢ ተነሥቶ፥ የመርካቶን ግፊያ አልፎ፥ ሙዚቃ ለመስማት መሳለሚያ ድረስ መምጣት ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። እኛ ጋባዦቹ የዚሁ ሰፈር ልጆች ነን። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ መሣሪያ ነው። ሰውየው ጆ ቤንጃሚን ይባላል፤ መሣሪያው ኮንትራባስ ነው።

በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ታላቁ የጃዝ ባለሙያ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሸለሙት፤ የኢትዮ ጃዝ አባት የምንለው ሙላቱ አስታጥቄም በዚያን ጊዜ ከእርሱ ጋራ ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ጉዞ ከኦርኬስትራው ኋላ ቆሞ፥ ከቁመቱ የሚበልጥ እንጨት አቅፎ፥ ያን ሁሉ ነሐስና ዋሽንት ከሥር ተሸክሞ የነበረው ሰው ማን ነው ብንባል ስንቶቻችን ስሙን እንጠራለን? ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ነገር ይኸው ነው፤ ከሥር የሚሸከመውን ሰው መስማት የሚችል አድማጭ ከሌለ፥ ተሸካሚውም ውሎ አድሮ ይጠፋል።

ኮንትራባስን በቅርብ አይተው ለማያውቁ ጥቂት እንበል። በቫዮሊን ቤተሰብ ውስጥ ትልቁና ድምፁ ዝቅተኛው መሣሪያ ነው። አራት ክሮች አሉት፤ ተጫዋቹ ቆሞ ወይም ከፍ ባለ ወንበር ተደግፎ፥ እንደ መሲንቆ በደጋን ይስበዋል፥ ወይም በጣቱ ይመታዋል። የጃዝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በጣት ይመቱታል። በእኛ አገር ለዚህ ድምፅ የሚቀርበው በገና ነው። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር ያደመጠ ሰው፥ ዝቅተኛ ድምፅ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አለመሆኑን ያውቃል። በደረት ይገባል፤ የተቀመጡበት ወለል ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ባሱ በስዊንግ ሙዚቃ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ስዊንግ በአንድ ሜዳ አራት ምት አለው። ባሱ አራቱንም አንድ በአንድ ይመታል። አንድ ዜማ 32 ሜዳ ቢኖረው፥ ዜማው አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ባሱ 128 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ያን ሁሉ ሲመታ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ ሰዓቱን እንዳያፋጥን እንዳያዘገይም፥ ዜማው የቆመበትን ድምፅ ለሌሎቹ እንዲያመለክት፥ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድም ራሱ ዜማ እንዲሆን። አሜሪካኖች ይህን አመታት «የሚራመድ ባስ» ይሉታል።

መራመድን በተመለከተ የመሳለሚያ ሰው ከማንም የተሻለ ዳኛ ነው። ከዚህ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ወደ እህል በረንዳ የሚሄደውን ተሸካሚ ተመልከቱ። ኩንታል በጀርባው አዝሎ በሰው መካከል ሲያልፍ እርምጃው አይረዝምም፥ አያጥርም። ቢሮጥ ይወድቃል፥ ቢቆምም ሸክሙ ይጥለዋል። ጎበዝ ባስ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ጥሩምባ ነፊው ቢሳሳት ተመልካቹ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ባሱ እርምጃው ከተዛባ ግን አሥራ አምስቱም ሰው አብሮ ይደነቃቀፋል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ለኮንትራባስም ይሠራል።

ጆ ቤንጃሚን የቆመበት ቦታ ባለታሪክ ቦታ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1927 እስከ 1935 ድረስ የሉዊዚያናው ዌልማን ብሮ ቆሞበት፥ ለኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጽኑ መሠረት ጥሎለት ነበር። በ1939 ደግሞ ጂሚ ብላንተን የሚባል የ21 ዓመት ልጅ መጣ። ይህ ልጅ እንደ እኛ ተማሪ ነበር፤ በቴኔሲ ስቴት ኮሌጅ ተምሯል፤ ከባስ በፊትም ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ከእርሱ በፊት ባስ አጃቢ ብቻ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ብላንተን ግን መሠረቱን ሳይለቅ እንደ ጥሩምባና እንደ ሳክስፎን ዜማ ማውጣት፥ መናገርና መመለስ እንደሚቻል አሳየ።

በመስከረም 1933 ዓ.ም. (ጥቅምት 1 ቀን 1940 እ.ኤ.አ.)፥ አገራችን ገና በጠላት እጅ ሳለች፥ ኤሊንግተንና ብላንተን ሁለቱ ብቻቸውን ፒያኖና ባስ ይዘው ጥቂት ሸክላዎች ቀረጹ። ከእነዚያ አንዱ «ፒተር ፓንተር ፓተር» ይባላል። ፒያኖው ይናገራል፥ ባሱ ይመልሳል፤ ፒያኖው ዝም ሲል ባሱ ባዶውን ይሞላዋል።

በዚያው ዓመት ኅዳር 7 ቀን እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራው በሰሜን ዳኮታ ፋርጎ በምትባል ከተማ ለዳንስ ሲጫወት፥ ጃክ ታወርስና ዲክ ቡሪስ የሚባሉ ሁለት ወጣት አድናቂዎች ተንቀሳቃሽ መቅረጫ አምጥተው ምሽቱን ቀረጹት። የገበያ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃውን ወደው ነው። ያ ቅጂ በ1978 ታትሞ ወጣ፥ በ1980ም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ብላንተን ግን በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፥ በሐምሌ 1934 ዓ.ም. (1942 እ.ኤ.አ.) በ23 ዓመቱ ሞተ። ለዚያ በሽታ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ብላንተን በሕዝብ ፊት፥ በዳንስ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ይጫወት እንደነበር ዛሬ የምንሰማው፥ ሁለት አድማጮች የሚሰሙት ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ስለ ገባቸው ነው።

አሁን ወደ ቤንጃሚን እንመለስ። ቤንጃሚን የተወለደው በ1919 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከብላንተን በአንድ ዓመት ብቻ ያንሳል። አንዱ በ23 ዓመቱ ሲቀር፥ ሌላው ዕድሜ አግኝቶ ከሣራ ቮንና ከዴቭ ብሩቤክ ጋራ ሠርቶ፥ በ50 ዓመቱ ገደማ የኤሊንግተን ኦርኬስትራ ቋሚ ባስ ተጫዋች ሆነ። በ1970 ኦርኬስትራው «ኒው ኦርሊንስ ስዊት» የተባለውን ሥራ ሲቀርጽ አንዱ ክፍል ለዌልማን ብሮ መታሰቢያ የተደረሰ ነበር፤ በዚያም ላይ ባሱን የመታው ቤንጃሚን ነው። አንድ ተሸካሚ ከእርሱ በፊት ሸክሙን የተሸከመውን ሰው ሲያመሰግን መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው!

አዲስ አበባ ከሰማችው በኋላ ብዙም ሳይቆይ፥ በኅዳር 22 ቀን 1966 ዓ.ም. (ታኅሣሥ 1 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) ኦርኬስትራው በእንግሊዝ አገር ኢስትቦርን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሕዝብ ፊት ሲጫወት ተቀረጸ። ዛሬ ማታ የምናሰማችሁ ይህን ነው። በዚያ ምሽት ኤሊንግተን የ74 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፥ ከ33 ዓመት በፊት ከብላንተን ጋራ የሠራውን ያንኑ «ፒተር ፓንተር ፓተር»ን አነሣ። ይህን ዜማ በቤንጃሚን ፊት ማስቀመጥ ከባድ ፈተና ነው፤ የሙቱን ልጅ ጣት ሁሉም ያስታውሳልና። እኛ ደጋግመን እንዳዳመጥነው ቤንጃሚን ብላንተንን ሊበልጥ አይታገልም፥ ሊመስለውም አይሞክርም። ድምፁ ክብና ንጹሕ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምት ሙሉ ዕድሜውን ይሰጠዋል፤ መልሱን ይመልስና እንደ ጨዋ ሰው ለሽማግሌው ቦታውን ይለቅለታል። በሌሎቹ ዜማዎች ነሐሱ በሙሉ ሲጮኽ ደግሞ ከሥር ገብታችሁ ፈልጉት። እዚያው ነው፤ አልቸኮለም፥ አልደከመም።

ይህ ከሆነ ስምንት ሳምንት እንዳለፈ፥ በጥር 18 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆ ቤንጃሚን ዐረፈ። ኤሊንግተንም በግንቦት 16 ቀን ተከተለው። በዚያው ዓመት የካቲት አብዮቱ ፈነዳ፤ ኒሻኑን የሸለሙት ንጉሠ ነገሥትም በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ።

ምናልባት ከመካከላችሁ «የአሜሪካ ባስ መቺ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አዲስ አበባ ያን ኦርኬስትራ የሰማችው በባዶ ጆሮ አይደለም የሚል ነው። አርባ ልጆች የሚባሉት አርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ነሐስ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1924 ከመጡ ወዲህ፥ የክብር ዘበኛውም የፖሊስ ሠራዊቱም ኦርኬስትራ የየራሳቸውን ትላልቅ ባንድ አቋቁመው ነበር። የትልቅ ባንድ ሥራ እዚሁ ቤታችን ውስጥ የነበረ ሥራ ነው። በኋላ ግን የሰዓት እላፊው ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ዘጋው፤ ባንዶች ተበተኑ። ቀጥሎም ኪቦርድ መጣና፥ አንድ ሰው በግራ እጁ ባሱን፥ በቀኝ እጁ ዜማውን፥ በቁልፍ ደግሞ ከበሮውን ይጫወት ጀመር። ኪቦርድ የሚጫወተውን ሰው አንነቅፍም፤ እርሱም እንጀራ ፈላጊ ነው። ነገር ግን በአንድ ሠርግ አምስት ሰው ይበላበት የነበረውን እንጀራ አንድ ሰው ሲበላው፥ መጀመሪያ የቀረው ባስ መቺው መሆኑን ልብ እንበል። ለምን ቢሉ፥ መቅረቱን የሚያስተውል አድማጭ አነስተኛ ነበርና።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የኮንትራባስ ዝቅተኛው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በኪሳችን የያዝነው ስልክ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ልታወጣ ከቶ አትችልም። ስለዚህ ሙዚቃን በስልክ ብቻ የሚሰማ ተማሪ መሠረት የሌለው ቤት እያየ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በሕይወት ሳለ፥ መሣሪያውን ይዞ በሚቆምበት ቦታ ሄዶ መስማት። ቦታውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ፥ ስንት ባስ የተመታበት አዳራሽ፥ በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ወድሟል።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ በግቢም ሆነ በከተማ ባንድ በተጫወተ ጊዜ ሁሉ ባስ የሚመታውን ሰው ስሙን ጠይቁ፤ ሲጨርስም ለዘፋኙ ያጨበጨባችሁትን ያህል ለእርሱም አጨብጭቡ። ሁለተኛ፥ የማኅበራችን ጋዜጣ ስለ ሙዚቃ ዝግጅት በጻፈ ቁጥር የዘፋኙን ስም ብቻ ሳይሆን ከኋላ የቆሙትንም ስም አብሮ እንዲያወጣ አዘጋጆቹን እንለምናለን፤ የሚፈጀው አንድ መስመር ወረቀት ነው። ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፤ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቤታችሁ፥ በየሰፈራችሁ፥ እዚህ መሳለሚያም ጭምር ያን ሙዚቃ የሰማ አባት ወይም እናት ቢኖሩ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፥ ጻፉ፥ ቅረጹ። ፋርጎ ላይ ሁለት ወጣቶች ያደረጉትን እኛ ለማድረግ ስልካችን ይበቃናል፤ ባስ ለማሰማት ባይበቃም የሽማግሌ ቃል ለመቅረጽ ይበቃልና።

መሳለሚያ ማለት ቆሞ እጅ የሚነሡበት ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ ማታ እኛም በዚህ ስፍራ ለጆ ቤንጃሚን እጅ እንነሣለን። አሁን ድምፅ ማጉያውን እንከፍታለን። ጥሩምባው ሲጀምር አትከተሉት፤ ወለሉን አዳምጡ።